ቁልፉን ያነሣ ይወጣል

ጋሽ ግዛው ሩጫ የሚወዱት ሌላ ሰው ሲሮጥ ነው። ይህን የተናገሩት የሚጠሏቸው ሰው እንዳይመስሏችሁ፤ የድሮ ጓደኛቸው ጋሽ እንዳልክ ናቸው። ጋሽ እንዳልክ ይህን ያሉበት ቀን ግን ኋላ ስለሚመጣ ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ወንድ ልጅ ያሳደገ አበሻ ሁሉ ጋሽ ግዛውን ያውቃቸዋል። ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ ኖረው ሪታየር የሆኑ፣ ቁመታቸው አጠር፣ ድምፃቸው ረዘም ያለ ሰው ናቸው። እሳቸውና ጋሽ እንዳልክ ከብዙ ዓመት በፊት «ንጋት» የሚባል የልጆች እግር ኳስ ቡድን አቋቋሙ። ጋሽ እንዳልክ ስትሮክ መትቷቸው ቤት ከዋሉ ወዲህ ደግሞ ቡድኑን ጋሽ ግዛው ብቻቸውን ይዘውታል። ልምምዱ ዴንቨር ውስጥ ሴንትራል ፓርክ የሚባለው ሰፈር ሜዳ ላይ ነው። እዚያ ልጆቹ መጀመሪያ ኩሬውን ይዞራሉ። ከዚያ ደግሞ ኩሬውን ይዞራሉ። ጋሽ ግዛው ደስ ካላቸው ኳስ ይወጣል፤ ካላላቸው ኳሱ ሳጥኑ ውስጥ እንደተቆለፈበት ያመሻል። የሳጥኑ ቁልፍ ያለው እሳቸው ኪስ ብቻ ነው።

«ኳስ ማለት ትንፋሽ ነው» ይላሉ። «ትንፋሽ ደግሞ በሩጫ እንጂ በምን ይገኛል? እኛ ያኔ በዋንጫው ጨዋታ ከዳላስ የመጣውን ቡድን ከእረፍት በኋላ ያራገፍነው በምን ይመስላችኋል? በየጠዋቱ እየሮጥን ነዋ። እንዳልክን ጠይቁት።»

ማንም ጋሽ እንዳልክን ጠይቆ አያውቅም። የሽማግሌ ቃል ማን ያጣራል?

እንግዲህ የዘንድሮው ፍልሰታ ገባ። ፍልሰታ መቼም የልጆች ጾም ነው፤ ሁዳዴን የሚሸሽ ልጅ እንኳ ፍልሰታን እሽቅድምድም ያደርገዋል። እዚህ የተወለዱትም እንደዚያው ናቸው። አማርኛው ቢያስቸግራቸው ጾሙን አይለቁም። ቅዳሴው የሚገባው ቀትር ላይ ነው። ጋሽ ግዛው ደግሞ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያላቸው ሰው ናቸውና፣ ልጆቹ ሮጠው ታጥበው ለቅዳሴ እንዲደርሱ ብለው ልምምዱን ከማታ ወደ ጠዋት አዞሩት። ለየወላጁ ደወሉ። ወላጆቹም «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን» አሉ።

ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም ሰው አንዲቷን ነገር አላሰበም። በፍልሰታ ቀትር ቅዳሴ የሚሄድ ልጅ ሊቆርብ ነው፤ የሚቆርብ ልጅ ደግሞ ከማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ በአፉ አይዞርም። ይህን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁሉም ረሳው። ፈረንጅ አሠልጣኝ ቢሆን «አላወቀም» ተብሎ ይታለፍ ነበር፤ ጋሽ ግዛው ግን የሰንበቴ ሙሴ ናቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይኸ ነው።

ዓርብ ጠዋት የኦገስት ፀሐይ ገና ከማለዳው ይፋጅ ነበር። ኢዩኤል የሚባለው የልዕልት ልጅ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ያልዘለለው፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ኳስ በግራው ሲነካ ዓይን የሚይዝ ልጅ፣ ከኋላ ቀረ። ጋሽ ግዛው ከኩሬው ማዶ ሆነው ፊሽካቸውን ነፉ።

«ኢዩኤል! ምነው እንደ አሮጌ ታክሲ?»

ልጁ ሊፈጥን ሞከረ። አንድ ዛፍ ሥር ሲደርስ ጉልበቱ ከዳው፤ ተንበረከከ፣ ከዚያም ሣሩ ላይ በጎኑ ተጋደመ። ጋሽ ግዛው የውሃ ጠርሙስ ይዘው በረሩ። ጭንቅላቱ ላይ አፈሰሱለት፤ ዓይኑን ገለጠ። ጠርሙሱን ወደ አፉ ሲያስጠጉለት ግን ከንፈሩን ግጥም አደረገ።

«አይ ካንት፣ ኮች» አለ በጥርሱ መሀል። «ልቆርብ ነው።»

ጋሽ ግዛው እጃቸው ላይ ጠርሙሱን እንደያዙ ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። ያን ጊዜ ነው የገባቸው። ቀና ብለው ሌሎቹን ልጆች አዩ፤ ግማሾቹ ከንፈራቸው ደርቆ ነጭ ሆኗል። ጋሽ ግዛው በሕይወታቸው እንደዚያች ደቂቃ አፍረው አያውቁም።

ልዕልት ነርስ ናት። የሌሊት ሥራዋን ጨርሳ ከነዩኒፎርሟ ልጇን ልትወስድ ስትመጣ መሬት ላይ አገኘችው። አልጮኸችም። አጠገቡ ተንበርክካ የእጁን ምት ያዘች፣ ዓይኑን አየች፣ ከዚያ ጠርሙሱን ከጋሽ ግዛው እጅ ወሰደች።

«ጠጣ የኔ ልጅ። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

ኢዩኤል እያለቀሰ ጠጣ። አንድም ቀን ሳያስተጓጉል ሊቆርብ ለራሱ ቃል ገብቶ ኖሯል። ጋሽ ግዛውን ከልጁ መውደቅ ይልቅ ያ ለቅሶ አንጀታቸውን ቆረጠው።

«ጋሼ፣ እርስዎን ብቻ አልወቅስም፤ እኔም ረስቼዋለሁ» አለች ልዕልት ስትነሣ። «ግን ከእንግዲህ ልጄን አላስሮጥም።»

ብትሰድባቸው ይሻላቸው ነበር።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ወላጆች አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰቡ። ነገሩ ሲብላላ ቆይቶ እንዲህ ተወሰነ፦ ጾሙ እስኪፈታ ልምምዱ ልጆቹ ቆርበው፣ በልተው፣ ጠጥተው ካረፉ በኋላ ማታ ይሆናል፤ እስከዚያም የምታሠለጥነው ሮሆቦት የምትባል አሠልጣኝ ናት። ጾሙ በሚፈታ ማታ ወላጆች ሜዳው ላይ ተገናኝተው፣ ለመጪው የውድድር ዘመን ቡድኑን ማን እንደሚይዝ ይቆርጣሉ። ጋሽ ግዛው ከፈለጉ መጥተው ማየት ይችላሉ።

መጥተው ማየት ይችላሉ። ጋሽ ግዛው ይህችን ዓረፍተ ነገር ይዘው ቤታቸው ገቡ። ባለቤታቸው ፀዳል ካረፈች ወዲህ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሣቸው ይህ ቡድን ነው። ሸሚዝ የሚተኩሱት ለዚህ ቡድን ነው፤ ማታ «ነገ ማን ግራውን ይይዝልኛል» እያሉ የሚተኙትም ለዚሁ ነው። እሱም ከተወሰደባቸው ከሶፋውና ከዩቲዩብ ስብከት በቀር ምን ይቀራቸዋል? ፊሽካቸውን ከአንገታቸው አውልቀው በር ላይ ሰቀሉት፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ አውርደው ኪሳቸው ከተቱት።

ሮሆቦት እንግዲህ የጋሽ እንዳልክ ልጅ ናት። እናቷን ምጥ ሲይዛት ሆስፒታል ያደረሷት ጋሽ ግዛው በታክሲያቸው ናቸው። ዴንቨር ተወልዳ አደገች፣ ኮሌጅ ለትምህርት ቤቷ ኳስ ተጫወተች፣ ኋላም የአሠልጣኝነት ላይሰንስ አወጣች። ሥርዓት ያላት ልጅ ናት፤ ወንበር የምትለቅ፣ «ጋሼ» የምትል። እንዲያውም ያናደዳቸው ይኸው ነው። ባለጌ ብትሆን መጣላት ይቀላል።

የመጀመሪያው ማታ ጋሽ ግዛው መኪናቸውን ሜዳው ዳር ፓርክ አድርገው ሳይወርዱ ቀሩ። አኩርፈዋል፤ ግን ኩርፊያቸው እንዲታይላቸው መምጣት ነበረባቸው። ሮሆቦት ራሷ መጥታ መስኮቱን ቆረቆረች።

«ጋሼ፣ የሳጥኑን ቁልፍ።»

ቁልፉን በመስኮቱ አቀበሏት፤ ከፍታ ስትጨርስ መልሳ ሰጠቻቸው።

ሮሆቦት ኩሬውን አላየችውም። ብርቱካናማ ሾጣጣ ኮኖቿን ይዛ ሰፊውን ሜዳ እንደ ሰሌዳ ከፋፈለችው፤ ትናንሽ አራት ማዕዘን ሠራች፤ በየአንዱ ውስጥ አራት ለአራት አስገባች። በረኛ የለም፤ ጎሉ ሁለት ኮን ነው። ኳስ ከመስመር ሲወጣ ማንም ሄዶ አያመጣም፤ እሷ ሌላ ኳስ ትወረውራለች፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ጥቂት ይጫወቱና ፊሽካ፤ ጥቂት ያርፋሉ፤ እንደገና። ዳር የቆሙት በተራ ይገባሉ። ልጆቹ ይስቃሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ።

ጋሽ ግዛው ከመኪናው ወረዱ። መቻል አቃታቸው።

«ሮሆቦትዬ፣ ይኼ ጨዋታ ነው እንጂ ልምምድ ነው? ትንፋሻቸውስ?»

«ጋሼ፣ ትንፋሽ እኮ እዚህ ውስጥ ነው ያለው» አለች። «ሜዳው ሙሉ ሲሆን ደካማ ልጅ ይደበቃል። አራት ሲሆኑ የት ይደበቃል? ኳሱ እሱ ጋ ይመጣል፤ ይሮጣል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል። ካላመኑኝ ልባቸውን ይዩት።»

ፊሽካዋን ነፍታ ኢዩኤልን ጠራችው። ልዕልት «አላስሮጥም» ብላ ነበር፤ ሮሆቦት ግን «አላስሮጠውም፤ አጫውተዋለሁ» ብላ ለምናት ነው የመጣው። ልጁ ቀርቦ ቆመ። ጋሽ ግዛው ባለፈው ዓርብ የሆነውን እያሰቡ በፍርሃት መዳፋቸውን ደረቱ ላይ አሳረፉ። ልቡ እንደ ከበሮ ይደልቃል። ፊቱ ግን ወዝ አለው፤ ከንፈሩም እርጥብ ነው። ውሃ ጠጣ፣ ትንሽ ቆመ፣ መዳፋቸው ሥር ልቡ ረጋ እያለ ሄደ። ከዚያ «ካን አይ ጎ?» ብሎ ሳይፈቀድለት ሮጠ።

ጋሽ ግዛው እጃቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። አልተሸነፉም። «ልብማ በፍርሃትም ይደልቃል» ብለው ወደ መኪናቸው ተመለሱ። ይሁንና በሚቀጥለውም ማታ መጡ፤ በሚቀጥለውም።

ሳምንቱ አጋማሽ ላይ ሮሆቦት አባቷን ፓርክ ሂል ካለው ቤታቸው ይዛቸው መጣች። ጋሽ እንዳልክ ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው አይታዘዟቸውም፤ ንግግራቸውም ቀስ እያለ፣ ቃል በቃል ነው የሚመጣው። ቁም ነገሩና ተረባቸው ግን አንዱም አልጎደለም። ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ጋሽ ግዛውም አጠገባቸው። ጋሽ ግዛው ደስ አላቸው፤ በመጨረሻ ምስክር ተገኘ።

«አየህ ልጅህን?» አሉ። «ሩጫ የለ፣ ምን የለ። እንዲያው ሲራገጡ ያመሻሉ። እስቲ ንገራት እንጂ። እኛ ያኔ በየጠዋቱ ስንሮጥ ...»

ጋሽ እንዳልክ አንገታቸውን ቀስ ብለው አዞሩ።

«መቼ ... ሮጥን?»

«እንዴት መቼ? የዳላሶቹን ያሸነፍን ጊዜ ነዋ። በየጠዋቱ።»

«ግዛው» አሉ ጋሽ እንዳልክ። «አንተ ሩጫ የምትወደው ... ሌላ ሰው ሲሮጥ ነው። ሩጫ የጀመርነው ... ዶክተሩ ስኳር አለብህ ... ያለህ ጊዜ ነው። ያኔ ... ዋንጫውም ... ጉልበቱም ... አልፎ ነበር። ሮሆቦት እንኳ ... ትምህርት ቤት ገብታለች።»

ጋሽ ግዛው ሊክዱ ፈለጉ፤ ነገር ግን የዶክተሩ ፊት ድቅን አለባቸው፤ ያን ሰሞን የገዙት ሰማያዊ ቱታም እንደዚሁ። እውነት ነው። መቼም የሰው ልጅ ትዝታውን እንደ አሮጌ ሻንጣ ያጭቀዋል፤ ኋላ ሲከፍተው የዚህ ካልሲ እዚያ፣ የዚያ ሸሚዝ እዚህ ነው።

«ታዲያ በምን አሸነፍን?» አሉ፣ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አጥሮ።

ጋሽ እንዳልክ ደህናውን እጃቸውን አንሥተው ወደ ምዕራብ አመለከቱ። እዚያ ከዛፎቹና ከአዳዲሶቹ ቤቶች በላይ የድሮው ኤርፖርት ማማ ብቻውን ቆሟል። ጋሽ ግዛው ስንት ዓመት እዚህ ሲመላለሱ ማማውን አይተውታል፤ እንደዚያን ቀን ግን አላዩትም።

ዛሬ ሴንትራል ፓርክ የሚባለው ሰፈር ያኔ ስቴፕልተን ኤርፖርት ነበር። ልጆቹ በሚራገጡበት ሣር ቦታ ላይ አውሮፕላን ይንደረደር ነበር። ከአጥሩ ወዲህ የታክሲዎች መቆያ አስፋልት ነበረ፤ ሹፌሩ መኪናውን ደርድሮ ተራው እስኪደርስ ግማሽ ቀን የሚያዛጋበት። አበሻው፣ ሶማሌው፣ ናይጄሪያዊው ሁሉ እዚያ ነው። ሥራ የለቀቀ፣ ሚስቱን ያመጣ፣ ወሬ ያለው ሰው እዚያ ይገኛል። ሁሉም ወጣት ነበር፤ መኪና ውስጥ ተቀምጦ የሚውል ወጣት ደግሞ ያብዳል። አንድ ቀን አንዱ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ኳስ አወጣ፤ አለቀ።

ቦታው ጠባብ ስለነበረ ሦስት ለሦስት፣ ቢበዛ አራት ለአራት ነበር የሚጫወቱት። ጎሉ ኮን ነው። የመኪና ቁልፋቸውን ሁሉ ከጎሉ ጎን አንድ ባርኔጣ ውስጥ ይጥላሉ። ተራ አስከባሪው በድምፅ ማጉያ ቁጥር ሲጠራ ባለቁጥሩ ኳስ እግሩ ላይ ቢኖር እንኳ ለቅርቡ ሰው አቀብሎ፣ ከባርኔጣው ቁልፉን አንሥቶ፣ ሁሉም እንዲያየው ወደ ላይ ከፍ ያደርገዋል። ቁልፉን ያነሣ ይወጣል። ደህና ሁኑ የለ፣ ቆዩኝ የለ። ዳር ከቆሙት የቀደመው ማንም ሳይጠራው በወጣው ሰው ቦታ ይገባል፤ ጠላቱ ቢሆን እንኳ በዚያው ወገን። ኳሱ አይቆምም። በረዶ በጣለ ጊዜ እንኳ በመኪና መጥረጊያ ጠርገው ይጫወታሉ። ሻንጣ ይዞ የቆመ ነጋዴ በላብ የተጠመቀ ሹፌር መጥቶለት «አሞሃል እንዴ?» ያለበት ቀን ስንት ነው። ሰውን መሀል ከተማ አድርሰው ሲመለሱ መኪናቸውን ከሰልፉ ጭራ ያስገባሉ፤ ራሳቸውም ከተጫዋቾቹ ሰልፍ ጭራ ይቆማሉ፤ «ስንት ለስንት ሆነ?» ይላሉ፤ መልሱን የሚያውቅ ግን የለም።

ኤርፖርቱ ከከተማው ውጭ ወደ ሩቁ ገላጣ መሬት ሲዛወር ያ አስፋልት ተቆፈረ። ከዚያ በኋላ እንደዚያ ተሰብስበው አያውቁም። አንዱ ሱቅ ከፈተ፣ አንዱ ከከተማ ወጥቶ ቶርንተን ቤት ገዝቶ ጠፋ፣ አንዳንዱን ቀበሩት።

ጋሽ ግዛው ሮሆቦት የሠራቻቸውን አራት ማዕዘኖች አዩ። አራት ለአራት። ጎሉ ኮን። ኳሱ የማይቆም። ዳር የቆሙት በተራ የሚገቡ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ አልደበቁትም።

«እንዳልክ፣ ይህች ልጅ የእኛን ጨዋታ ከየት አመጣችው? ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም። ኮርስ ... ወስዳ ነው» አሉ ጋሽ እንዳልክ። «እኛ ... ሥራ ፈትተን ... ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ሲስቁ የሰማች ሮሆቦት ከሩቅ ዞር ብላ አየቻቸውና ደግሞ ወደ ኳሷ ተመለሰች። ጋሽ ግዛው ያን ማታ ቤታቸው ሲገቡ ግን ሳቁ አብሯቸው አልገባም። ልጅቷ እውነት እንዳላት አውቀዋል፤ ቡድኑን ደግሞ መልቀቅ አልፈለጉም። ሁለቱ ነገሮች ሲጣሉባቸው አደሩ።

ጾሙ ተፈታ። ያን ማታ ልጆቹ ፊታቸው በርቶ መጡ፤ ኢዩኤልም ያቺን አንድ ዓርብ በእንባ ካሳለፋት በኋላ አንድም ቀን ሳይቀር ቆርቦ ነበር። ወላጆች ከሜዳው ዳር ቆሙ። ጋሽ ግዛው የተተኮሰ ሸሚዝና የቤተ ክርስቲያን ቆዳ ጫማቸውን አድርገው መጥተዋል፤ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ ሰው። ልዕልት ከሌሎቹ ወላጆች ተለይታ ወደ እሳቸው መጣች።

«ጋሼ፣ ተነጋግረናል» አለች። «ለአንድ ስሕተት ብለን ሽማግሌ አናዋርድም። ስሕተቱም የሁላችን ነበር። ቡድኑ እንደ ድሮው የእርስዎ ነው። ሮሆቦትም እሺ ብላለች፤ እርስዎን ትረዳለች።»

ጋሽ ግዛውን የያዛቸው ደስታ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ልባቸው ቅድም ከቆመበት ተነሥቶ መምታት የጀመረ መሰላቸው። «እግዜር ያክብርሽ ልጄ» አሉ። ወዲያው ነገ ጠዋት የሚተኩሱት ሸሚዝ ታሰባቸው። ሮሆቦትን ፈለጓት፤ መሀል ላይ ለየወገኑ መለያ ሰደርያ ታድላለች። አልተቀየመችም። አንዴ ቀና ብላ ፈገግ አለችላቸውና ሥራዋን ቀጠለች።

አንደኛው ወገን ግን አንድ ሰው ጎደለው፤ አንዱ ልጅ አልመጣም። ሮሆቦት ዳር ያለውን ልጅ ልትጠራ ስትል ጋሽ እንዳልክ ከወንበራቸው ጮኹ፤ ሲጮኹ ቃላቸው አይሰባበርም።

«ግዛው! ክፍት ቦታ አይጠበቅም!»

ያ የአስፋልቱ ሕግ ነው። ጋሽ ግዛው እግራቸው ከሐሳባቸው ቀደመ፤ በቆዳ ጫማቸው ገቡ።

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ወላጆች ስልካቸውን አወጡ። ጋሽ ግዛው ግን የሚሳቅባቸው ሰው አልነበሩም። ኳስ መጣላቸው፣ በውስጥ እግራቸው አቆሙ፣ አቀበሉ፣ ተንቀሳቀሱ፣ መልሰው ተቀበሉ። ቦታው ጠባብ ነው፤ ወዲያው ሰው ይደርስባቸዋል። ሰውነታቸው የረሱትን ያስታውሳል፤ ትከሻ አሳይቶ በዚያኛው መሄድ፣ ሳያዩ ማቀበል። አንዱን ልጅ አታለው አለፉትና ዳር ያሉት ሁሉ «ኧረ!» አሉ። ላባቸው በሸሚዙ ወጣ። ልባቸው እንደ ኢዩኤል ልብ ይደልቅ ጀመር። ሳንባቸው ተቃጠለ፤ ሩጫ ሆኖ ሩጫ መሆኑን ግን አላወቁትም፤ ልክ እንደ ያኔው።

ትንፋሻቸው ሊያልቅ ሲል ኳሱ እግራቸው ላይ ነበር። ቀና አሉ። ማማው ታያቸው፤ ከሥሩ ጋሽ እንዳልክ ወንበራቸው ላይ፤ ከመስመሩ ዳር ሮሆቦት ፊሽካዋን ይዛ። የልጅቷ እግር ቆሞ አይቆምም፤ ሳታውቀው ከጨዋታው ጋር ወዲህ ወዲያ ይላል። መግባት ፈልጋለች። እሳቸው እያሉ ግን አትገባም፤ ሥርዓት አላት። ሽማግሌ ካለበት ዳር ትቆማለች፣ ትረዳለች፣ ኮን ትሰበስባለች፤ እሳቸውም ከዓመት ዓመት ኩሬውን ያስዞራሉ። በዚያች ቅጽበት ይህን አዩት። ስቴፕልተን ቢሆን ቁጥራቸው ተጠርቶ ዝም ያሉ ሹፌር ሆነዋል፤ መንገደኛው ሻንጣውን ይዞ ቆሟል፣ ኋላ የተሰለፈው ሁሉ በእሳቸው ምክንያት አይንቀሳቀስም። እንዲህ ያለ ሹፌር በዚያ አስፋልት ላይ አልነበረም።

ኳሱን ለቅርባቸው ሰው ለኢዩኤል አቀበሉ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ የሳጥኑን ቁልፍ አወጡ፤ ሁሉም እንዲያየው ወደ ላይ ከፍ አደረጉት። ሳይናገሩ ከመስመሩ ወጡና ቁልፉን ሮሆቦት መዳፍ ላይ አስቀመጡት።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው?» አለች። «ልዕልት አልነገረችዎትም? እርስዎ እኮ ነዎት ...»

«ነግራኛለች። ቡድኑ የእኔ ነው አይደል? የእኔን ለፈለግሁት እሰጣለሁ።»

ሮሆቦት ቁልፉን ይዛ ቆመች፤ ዓይኗ ወደ አባቷ ሄደ። ጋሽ እንዳልክ በደህና እጃቸው ወደ ሜዳው አመለከቱ።

«ግቢ ልጄ!» አሏት ጮኸው። «ኳሱ አይቆምም።»

ገባች። በጋሽ ግዛው ቦታ፣ በጋሽ ግዛው ወገን። ኢዩኤል ኳሱን ሰጣት፤ ጨዋታው አንዲት ቅጽበት እንኳ ሳይቋረጥ ቀጠለ። ወላጆቹ ምን እንደተደረገ ቶሎ አልገባቸውም። ልዕልት ግን ገብቷት አፏን በመዳፏ ያዘች።

ጋሽ ግዛው ጓደኛቸው አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ተጣብቋል። አለቀሱ እንጂ ምን ያደርጋሉ? ወንድ ልጅ አያለቅስም የሚለው የደረሰበትን አያውቅም።

«አለቀ እንግዲህ፣ እንዳልክ» አሉ። «ወጣሁ።»

ጋሽ እንዳልክ ቃሉን ይፈልጉ ጀመር።

«ሰው ... አድርሰህ» አሉ በመጨረሻ፣ «ትመለስ ... አልነበር?»

ሲመሽ ጋሽ ግዛው ጓደኛቸውን ደግፈው ወደ መኪናው አስገቧቸው፣ ፓርክ ሂል ድረስም አደረሷቸው።

ሰኞ ማታ ሮሆቦት ሳጥኑን በራሷ ቁልፍ ከፈተች፣ ኮኖቿን ደረደረች፣ ልጆቹን ከፈለች። ተራ የሚጠብቁት ከመስመሩ ዳር ተሰለፉ። ኢዩኤል የመጨረሻው ነበር። ከኋላው ኮቴ ሰምቶ ዞር አለ፤ አንድ አጠር ያሉ ሽማግሌ አዲስ ስኒከር አድርገው፣ የድሮ ሰማያዊ ቱታ ለብሰው ቆመዋል።

«ኮች፣ ከእኔ ኋላ ነዎት?»

«ከአንተ ኋላ ነኝ» አሉ ጋሽ ግዛው። «ስንት ለስንት ሆነ?»